ሐኪም ማኅበረሰብን ቢያጠና አገር አይከስርም

ሰሞኑን የሕክምና ተማሪዎች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ እኔም እጅ ገባ። ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሐኪም ናቸው። መልእክታቸውም ግልጽ ነው፦ ሐኪም በሶሲዮሎጂ፣ በአንትሮፖሎጂ (የሰውን ባህልና አኗኗር በሚያጠናው ዘርፍ) ወይም በመሰል የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ማስተርስና ፒኤችዲ መማሩ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው። ሐኪም አይበቃንም፤ ሕዝባችንን ደግሞ ያለ ዲግሪ እናውቀዋለን ይላሉ። ኤምፒኤች (የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ) እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል ብለው ይጠይቃሉ። ካስፈለገም አንትሮፖሎጂስት መቅጠር ይቻላል። ሐኪምም አንትሮፖሎጂስትም የነበረው አሜሪካዊው ፖል ፋርመርና መሰሎቹ የሃርቫርድ ሰዎች ስለሆኑ ምሳሌ አይሆኑንም። ትምህርቱ ሐኪሙን ወደ ፖለቲካ ይጎትተዋል። በዚያ ላይ እንጀራ አያበላም ይላሉ።

ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ስለሆነ ከልብ የሆነ መልስ ይገባዋል። እኔም ሐኪም ነኝ። በጠቅላላ ሐኪምነት ከሠራሁ በኋላ በማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ማስተርሴን ተምሬያለሁ፤ አሁንም ታካሚ አያለሁ። ይህን መንገድ የሚያስቡ ወጣቶች በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ሐሳባቸውን እንዲተዉ አልፈልግም። ነጥቦቹን አንድ በአንድ አነሣለሁ። አንዳንዶቹን ቶሎ አልፋቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የሐኪም እጥረት አለብን»

እውነት ነው። በአገራችን ለ10 ሺህ ሰው ያለው ሐኪም አንድ ገደማ ነው። ግን ሁሉም ሐኪም አንትሮፖሎጂ ይማር ያለ ሰው የለም። አንድ ሐኪም የሕፃናት የልብ ሕክምና ለመማር ተጨማሪ ዓመታት ሲወስድ እጥረቱን አባባሰ አንለውም፤ የጎደለንን ሊሞላ ሄደ እንላለን። ደግሞ እጥረት አለ እያልን፣ ተመርቀው ምደባ ያጡ ወጣት ሐኪሞችን በዓይናችን እያየን ነው። ያን ችግር የፈጠሩት ማኅበራዊ ሳይንስ የተማሩ ጥቂት ሐኪሞች አይደሉም። ይህን ነጥብ እዚህ ላይ ልተወው።

«ሕዝባችንን እናውቀዋለን»

የጽሑፉ ትልቁ ነጥብ ይህ ይመስለኛል። ብዙ አንባቢም ራሱን በአዎንታ የነቀነቀው እዚህ ላይ ነው። እኛ የገበሬና የነጋዴ ልጆች ነን፤ ቋንቋውን እንናገራለን፤ ለቅሶውንም ሠርጉንም እናውቀዋለን። ታዲያ ምን የሚያስተምረን አለ?

ዝሆኔን እንውሰድ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዓይነት ለዓመታት በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ይከላከለዋል። ከጀመረም እግርን በየዕለቱ በሳሙናና በውሃ ማጠብና መንከባከብ ብዙ ያሻሽለዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው እንደሚያስቡና እንዳይዛቸው እንደሚፈሩ አሳየ። ሕክምና የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከሕዝቡ ጋር ይኖራሉ፤ የሕዝቡን ፍርሃትም አብረው ይዘዋል። ሕመምተኛው ለጋብቻ ይከለከላል፤ ሰው ከአጠገቡ ይሸሻል፤ ጤና ጣቢያ ሲመጣም ያው ፊት ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ባይመጣ ለምን ይገርመናል? በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ መኖርና ያንን ማኅበረሰብ ቆም ብሎ መመርመር ለየቅል ናቸው። ለሁለተኛው ሥልጠና ያስፈልጋል። ሥልጠናው የሚጀምረውም የራስን ፍርሃትና ግምት በመጠየቅ ነው።

ሌላ ምሳሌ ላምጣ። ይህኛው ከሄይቲ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ አስተማሪ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሄይቲ ገጠር ድሃ የቲቢ ሕመምተኞች መድኃኒት ያቋርጡ ነበር። ምክንያቱን ሁሉም «ያውቀዋል»፦ በድግምት ያምናሉ፣ ዘመናዊ ሕክምና አይገባቸውም። ፖል ፋርመር በዚያን ጊዜ በሕክምናም በአንትሮፖሎጂም እየተማረ ካንዥ በምትባል መንደር ይሠራ ነበር። እሱና የሄይቲ ባልደረቦቹ ሕመምተኞችን በሁለት ወገን ከፍለው ተከታተሉ። መድኃኒቱ ለሁሉም ነጻ ነበር። አንደኛው ወገን ግን በተጨማሪ የምግብ ድጋፍ፣ በየወሩ ትንሽ ገንዘብና ቤት ድረስ የሚመጣ የመንደር ጤና ሠራተኛ ያገኝ ነበር። ይህ ወገን ሁሉም ዳነ። ከሌላው ወገን የዳኑት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም።

ወሳኙ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። በሁለቱም ወገን ብዙዎቹ በሽታው በድግምት ሊመጣ እንደሚችል ያምኑ ነበር። መድኃኒቱን በመዋጥና ባለመዋጥ ላይ ግን ይህ እምነት ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው ምግብ፣ ገንዘብና የሚጠይቅ ሰው ነው። ማኅበራዊ ሳይንስ ሲባል ስለ ቡዳና ስለ ጥንቆላ ማጥናት የሚመስላቸው ብዙ ሐኪሞች አሉ። እዚህ ላይ ግን «ባህላቸው ነው» የሚለውን ምቹ ምክንያት ያፈረሰው አንትሮፖሎጂ የተማረ ሐኪም ነው። ያላጠናው ሐኪም ባህላቸው ነው ብሎ ያልፍ ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። የቲቢ ሕክምና የጀመረ የቀን ሠራተኛ አስቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየቀኑ ጤና ጣቢያ መጥቶ ባለሙያ እያየው መድኃኒቱን ይውጣል። ጠዋት ወረፋ ጠብቆ ሲጨርስ የዕለቱን ሥራ ሌላ ሰው ይዞታል። መድኃኒቱ አላስከፈለውም፤ የቀን ደሞዙን ግን አጥቷል። እኛ ቻርቱ ላይ «አቋርጧል» ብለን እንጽፋለን። ሐኪሞች አብረን ታካሚ በምናይበት ራውንድ ላይም ስለዚህ ሰው የምንለው ያችን ቃል ብቻ ነው።

ጸሐፊው ይህን ለማየት ደግ ልብ በቂ ነው ሊሉ ይችላሉ። ደግ ሐኪሞች አሉን። ለታካሚ የታክሲ ብር ከኪሳቸው የሚሰጡ፣ መድኃኒት ገዝተው የሚያመጡ፣ በሥልጠና ላይ ያሉ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች በየሆስፒታሉ ሞልተዋል። አከብራቸዋለሁ። ደግነት ግን የሚደርሰው ፊት ለፊት ላለው አንድ ሰው ነው። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት እንደሚያቋርጥ፣ ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ፣ የለበስነው ነጭ ጋውን መልሱን እንዳይቀይረው እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የተገኘውንም ሌላ ሰው ሊያጣራው በሚችል መንገድ እንዴት እንደሚጻፍ ደግነት አያስተምርም። ይህ ዕውቀት ነው፤ ሰው ይማረዋል።

«ኤምፒኤች አለ»

ኤምፒኤችን ላጣጥል አልመጣሁም። አገራችን ኤፒዴሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ (የበሽታን ሥርጭትና የጤና ቁጥሮችን) የሚያውቁ ሰዎች ባይኖሯት ጨለማ ውስጥ ነበርን። ግን አንድ ነገር ስንት እንደሆነ ማወቅና ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ሁለት ሥራ ነው።

የወሊድን ነገር እንየው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 በጤና ተቋም የተደረጉ ወሊዶች 5 በመቶ እንደሆኑ አሳየ። በ2005ም ያው 5 በመቶ ነበር። በ2011 ወደ 10 በመቶ ደረሰ። የ2011ዱ ጥናት በቤት የወለዱ እናቶችን ምክንያታቸውን ጠይቋል። 61 በመቶው «አስፈላጊ አይደለም» አሉ። 30 በመቶው ደግሞ «ልማዳችን አይደለም» አሉ።

ይህን ቁጥር ይዘን ምን እናደርጋለን? ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እናቶቹ ግንዛቤ የላቸውም ይልና የግንዛቤ ማስጨበጫ ያዘጋጃል። እንዲህ ያሉ መድረኮች ስንት ጊዜ እንደተዘጋጁ የምናውቅ እናውቃለን። ከእናቶቹ ጋር ቁጭ ብለው ጊዜ ወስደው ያወሩ አጥኚዎች ግን ሌላ ነገር ሰሙ። ወላዷ ብቻዋን ትገባለች፤ እናቷና ጎረቤቶቿ በር ላይ ይቀራሉ። በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ትገለጣለች። በጀርባሽ ተኚ ትባላለች። አንዱ መርምሯት ሲወጣ ሌላው ደግሞ ሊመረምራት ይመጣል። የምትሰደብም አለች። ከወለደች በኋላ ገንፎ የለም፣ ቡና የለም። ቤቷ ግን ይህ ሁሉ አለ፤ ከሷ በፊት እናቷም አያቷም እዚያው ወልደዋል። «አስፈላጊ አይደለም» ያለችው ሴት ይህን ሁሉ በአንድ መልስ ጠቅልላ ነው የሰጠችው። መጠይቁ ደግሞ ለሌላው ቦታ አልነበረውም።

በኋላ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ዘመድ አብሮ እንዲገባ ፈቀዱ። ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት ቦታ አዘጋጁ። ቤታቸው ሩቅ ለሆነ ነፍሰ ጡሮች ማቆያ ተሠራ። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል ከ1976 ጀምሮ ማቆያ እንደነበረው ብዙ ሰው አያውቅም። በ2016 በተቋም መውለድ 26 በመቶ ደረሰ፤ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ። ገንፎና ቡና ብቻቸውን ይህን አመጡ ብል ውሸት ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ነበር፤ አምቡላንስ መጣ፤ የወሊድ አገልግሎት ነጻ ሆነ። ነገር ግን አምቡላንሱ ወስዶ የሚያደርሳት ቦታ የሚያዋርዳት ከሆነ ለሁለተኛው ልጅ አትጠራውም። ይህን የሚያውቅ ሰው አገልግሎቱ በሚቀረጽበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት።

«ታዲያ አንትሮፖሎጂስት ይቀጠራ»

ይቀጠር። እኔም እደግፋለሁ። ግን የተቀጠረው ባለሙያ መቼ ነው የሚጠራው? የምዕራብ አፍሪካን ኢቦላ አስታውሱ። ወረርሽኙ በመጋቢት 2014 ጊኒ ውስጥ በይፋ ታወቀ። ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው በመከላከያ ልብስ የተሸፈኑ ሰዎች እየመጡ አስከሬን በከረጢት ወሰዱ። ቤተሰቡ አልተሰናበተም፣ አልጸለየም፣ አንዳንዱም የት እንደተቀበረ አላወቀም። ሰዉ ሕመምተኛውን መደበቅ፣ በሌሊት መቅበር ጀመረ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልገንም፤ ያለ ለቅሶና ያለ ፍትሐት የተቀበረ ሰው ቤተሰብ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት ቤተሰብና የሃይማኖት አባት በርቀት የሚሳተፉበትን፣ ክብርን የጠበቀ የቀብር መመሪያ ያወጣው በኅዳር 2014 ነው። ከሰባት ወር በላይ አልፏል። ወረርሽኙ እስኪያበቃ ከ28 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ከ11 ሺህ በላይ ሞቷል። አንትሮፖሎጂስቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም አካባቢውን ለዓመታት ያጠኑ ናቸው። ውሳኔ የሚሰጡት ሐኪሞች ግን ቀደም ብለው በበቂ አልጠየቋቸውም። የቋንቋቸው ድልድይ የሚሆን፣ በሁለቱም ወገን የሚሰማ ሰው በወሳኙ ክፍል ውስጥ ጥቂት ነበር።

ሁለቱን ዕውቀት አንድ ሰው ሲይዝ ደግሞ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው የማይደርሱበት ቦታ ሊደረስ ይችላል። አርተር ክላይንማን የአእምሮ ሐኪም ነው፤ አንትሮፖሎጂም ተምሯል። በ1980 በቻይና ሁናን «የነርቭ መዳከም» የሚል ምርመራ የተሰጣቸው 100 ሕመምተኞችን አየ። ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ይላሉ። እንደ አእምሮ ሐኪም ሲመረምራቸው 87ቱ ከባድ የድብርት ሕመም ነበረባቸው። መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ብዙዎቹ ተሻላቸው። እንደ አንትሮፖሎጂስት ሲያዳምጣቸው ደግሞ በባህል አብዮቱ ዘመን የደረሰባቸውን፣ ከቤተሰብ የተለዩበትን፣ የማይወዱት ሥራ ላይ የታሰሩበትን ነገሩት። ያ ካልተፈታ ምልክቱ ቢቀንስም ራሳቸውን እንደ በሽተኛ ይቆጥሩ ነበር። አንትሮፖሎጂስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድብርቱን አያክመውም። የአእምሮ ሐኪም ብቻ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ጽፎ ያሰናብታቸዋል። በእኛ ተመላላሽ ክፍል «ጨጓራዬን፣ ልቤን፣ ነርቬን» እያለች ለዓመታት የምትመላለሰዋን እናት ያየ ሐኪም ይህ ጥናት ስለ ማን እንደሚያወራ ይገባዋል።

«ፋርመር የሃርቫርድ ሰው ነው»

ነበር። በ1990 የሕክምናና የአንትሮፖሎጂ ዲግሪዎቹን ከዚያው አገኘ። አብሮት የሠራው ጂም ዮንግ ኪምም ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ሆኖ ከ2012 እስከ 2019 የዓለም ባንክን መርቷል። የፋርመር ሕይወት ግን ያለፈው ሄይቲና ሩዋንዳ ነው። በየካቲት 2022 ያረፈውም ሩዋንዳ ቡታሮ ነው። እዚያው ቡታሮ እሱና ባልደረቦቹ ያቋቋሙት ዩኒቨርሲቲ ከ2019 ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎችን ይቀበላል። ተማሪዎቹ የሕክምና ዲግሪያቸውን በዓለም አቀፍ ጤና ከማስተርስ ጋር አንድ ላይ ይማራሉ። ሩዋንዳ ከእኛ የበለጠ ሀብታም ስለሆነች አይደለም።

የራሳችንንም አንርሳ። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም ከአንድ ዓመት በፊት ደምቢያ ላይ ሺዎችን የገደለው ወባ ትዝታው ገና ትኩስ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ጅማም ከ1983 ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ የሚልክ ትምህርት ገንብቷል። ጅማ ወይም ጎንደር የተማረ ሐኪም በቡድን ሆኖ ቀበሌ ለቀበሌ የዞረበትን ጊዜ ያስታውሳል። መሠረቱ አለን። የቀረን እዚያ ላይ ጠለቅ ያለውን ትምህርት መጨመር ነው።

«ፖለቲካ ውስጥ ይከታል»

ሩዶልፍ ቪርኮው በ1848 የፕሩሺያ መንግሥት ልኮት የታይፈስ ወረርሽኝ ሊያጠና ወደ ላይኛው ሳይሌዢያ ሲሄድ 26 ዓመቱ ነበር። ዛሬ የበሽታ ምርመራ ሳይንስ አባት የምንለው ሰው ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን የጻፈው ስለ ረሃብ፣ ስለ መጥፎ መኖሪያ፣ መንግሥት ስለረሳው የፖላንድ ተወላጅ ገበሬ ነበር። መድኃኒቱም ትምህርት፣ ነጻነትና ራስን ማስተዳደር ነው አለ። መንግሥት አልወደደለትም። ሪፖርቱ ግን የተሳሳተ አልነበረም።

ሐኪም ማኅበራዊውን ጉዳይ ባይማርም ውሳኔው ማኅበራዊ መሆኑ አይቀርም። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። በጥር 1996 አንድ ዜና ወጣ፦ የአገሪቱ የደም ባንክ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም ለዓመታት እየተቀበለ፣ ሳይነግራቸው ይጥለው ነበር። ምክንያቱ ኤችአይቪ በአዲስ ገቢዎች መካከል ከፍ ብሎ ይታያል የሚል ነበር። በወረቀት ላይ የአደጋ ስሌት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥተው ተቃወሙ። ደሙን ለለገሰ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ወታደር ደም መስጠት የአገሩ ሰው መሆኑን ማሳየት ነበር። ደሙ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል እሱም የተጣለ መሰለው። ስሌቱን የሠሩት ባለሙያዎች ራሳቸውን ከፖለቲካ ውጪ እንዳሉ ነበር የሚቆጥሩት። ውሳኔያቸው ግን የአንድን ማኅበረሰብ እምነት ለብዙ ዓመት ሰበረው።

«እንጀራ አያበላም»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ዛሬ በሕክምና ላይ ማኅበራዊ ሳይንስ የጨመረ ሐኪም በደሞዝ መደቡ ላይ የሚያገኘው ነገር የለም። ለስፔሻሊቲ ሲወዳደርም የሚቆጠርለት ነጥብ የለም። የሐኪም ደሞዝ ራሱ ቤት ኪራይ ከፍሎ የማያስተርፍ በሆነበት ጊዜ ወጣቱን ተጨማሪ ዓመት ተማር ማለት ይከብዳል። ቤተሰብም ይጠብቃል። ታናናሾቹን የሚያስተምር ሐኪም ስንት ነው? ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ዓይኑን ከፍቶ ይምረጥ።

ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች የምላቸው ይህን ነው። መጀመሪያ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ሆናችሁ ሥሩ፤ ጥሩ ጥያቄ የሚወለደው እዚያ ነው። ስትማሩም ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ታካሚ ማየታችሁን አትተዉ። እጃችሁ ከሥራው ከወጣ ሐኪሞቹም አይሰሟችሁም። የመመረቂያ ጥናታችሁ ያለ ሕክምና ዕውቀት ሊሠራ የማይችል ይሁን። አማካሪም ከሁለቱም በኩል ፈልጉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ ሳይንሱ ስድስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ ነው፤ ሁለቱም ዘንድ በር ማንኳኳት የእናንተ ፋንታ ነው።

ሥርዓቱ ሊያደርገው የሚችለውም ከባድ አይደለም። በአእምሮ ሕክምና፣ በማኅፀንና ጽንስ፣ በውስጥ ደዌና በሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ውስጥ ለጥቂት ሰዎች የጋራ ፕሮግራም መክፈት ይቻላል። ሬዚደንቱ ቴሲስ መጻፉ የግድ ነው፤ ያ ቴሲስ በሁለት አማካሪዎች ሥር ለማስተርስ እንዲቆጠርለት ማድረግ ይቻላል። ዲግሪው በስፔሻሊቲ ውድድርና በደረጃ ዕድገት ላይ ነጥብ ይኑረው። ጸሐፊው ስለ ደሞዝና ስለ ዕድገት ያነሡት ቅሬታ ተገቢ ነው ብያለሁ። ለጤና ሚኒስቴርና ለትምህርት ሚኒስቴር ይህንኑ በደብዳቤ ለማቅረብ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ከእርሳቸው ጋር አብሬ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።